የቤት ገመና፣ የሁለት ወንዶች ፍቅርና አንድ አስከሬን፦ ስለ ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ላይ ሰሞኑን ያነበብኳቸውን መጻሕፍት ስዘረዝር «ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት፣ መሀል ላይ ሰው የሚሞትበትና የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ገመና እየተፈለፈለ የሚወጣበት ልቦለድ ይዤ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ» ብዬ በሁለት መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ከዛ ወዲህ የመጣልኝ መልእክት በአንድ ጉዳይ ላይ እስከዛሬ ከመጣልኝ ሁሉ ይበልጣል፣ የተቆጣም አለ፣ የመጽሐፉን ስም ቶሎ ንገሪን ያለም አለ፣ አንዱን ደግሞ ሳነበው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ ሙሉውን ለሱ ነው። ዓ.ም ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የወንጀል ልቦለድ ሱሰኛ ነኝ፣ አዲስ አበባ መጽሐፍ በኪራይ እየወሰድኩ ነው ያደግኩት። የመጽሐፉን ስም ሳትነግሪን አለፍሽ፣ ምን ነካሽ? ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዲህ አይነቱ መጽሐፍ ላይ ዋናው ፍቅሩ ነው ወይስ ወንጀሉ? እኔ ፍቅር ሲበዛ ይሰለቸኛል። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ስሙ «ዘ ሊትል ዴዝ» ነው፣ ጸሐፊው ማይክል ናቫ፣ የወጣው በ1986። ናቫ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው፣ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ያደገ፣ ስታንፎርድ ህግ የተማረ ሰው ስለሆነ ፍርድ ቤትና እስር ቤት ሲጽፍ እንደሚያውቀው ያስታውቃል። ዋናው ሰውዬ ሄንሪ ሪዮስ ገንዘብ ለሌለው ተከሳሽ መንግስት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ ነው፣ አንድ ቀን እስር ቤት ውስጥ ሂዩ ፓሪስ የሚባል ልጅ ያገኛል፣ ልጁ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ይዋደዳሉ፣ ልጁ አያቴ ሊያስገድለኝ ይፈልጋል ይለዋል፣ ሪዮስ ይመን አይመን ገና ሳይወስን ልጁ ሞቶ ይገኛል። አያትየው ደግሞ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዛ በኋላ ያለው የውርስ ጉዳይ ነው፣ ድሮ የሞቱ ዘመዶች ናቸው፣ ወረቀት ላይ የተጻፈና ያልተጻፈ ነገር ነው፣ ከዚህ በላይ አልነግርህም።

ፍቅሩ ነው ወይስ ወንጀሉ ላልከው እኔ እዚህ መጽሐፍ ላይ መለየት አቅቶኛል። እስቲ አስበው፣ ልጁ ሞቷል፣ ፖሊሱ ፋይሉን ዘግቶ ወደሌላ ስራው መሄድ ይፈልጋል፣ ቤተሰቡ ደግሞ ስማችን እንዳይነሳ ቶሎ ይቀበር ነው የሚለው። ታዲያ ማነው «ቆይ፣ ይሄ ልጅ እንዴት ሞተ?» ብሎ የሚጠይቀው? የወደደው ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በህግ ምንም ነው፣ ሚስት አይደለ፣ ዘመድ አይደለ፣ እግዜር ያጽናህ የሚለው እንኳን የለም። እኛ ሀገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ሰው አብሮት ያድራል፣ እና አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ተነፍጎ ሀዘኑን በሆዱ ይዞ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? ሪዮስ ይመረምራል። ለቅሶ የማይደረስለት ሀዘንተኛ ነው መርማሪ የሚሆነው፣ እኔ እነዚህን መጻሕፍት የወደድኳቸውም በዚህ ነው። ፍቅሩን ብታወጣው መርማሪውም ይጠፋል።

ከናቫ በፊት ደግሞ ጆሴፍ ሀንሰን አለ። በ1970 «ፌድአውት» የሚል ልቦለድ አወጣ፣ መርማሪው ዴቭ ብራንድስተተር ይባላል፣ ሎስ አንጀለስ ለሚገኝ የህይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ የሞት ክፍያ የሚያጣራ ሰው ነው፣ ኩባንያውን የሚመራው ደግሞ የገዛ አባቱ ነው። አንድ የሬዲዮ ዘፋኝ በዝናብ ሌሊት መኪናው ከድልድይ ወደ ጎርፍ ይገባል፣ መኪናው ሲገኝ አስከሬኑ የለም፣ ሰውየው ሞቷል ወይስ አልሞተም ብሎ ለማጣራት ዴቭ ወደ ትንሿ ከተማ ይሄዳል። የመጽሐፉ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ዴቭ ከ20 ዓመት በላይ አብሮት የኖረውን ሰው በካንሰር ካጣ ገና ብዙም አልቆየም። ስለሰው ሞት እየጠየቀ የራሱን ሀዘን ተሸክሞ ነው የሚዞረው፣ አንድም ሰው እንዴት ነህ አይለውም። ሀንሰን ከዛ በፊት ጄምስ ኮልተን በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር፣ ዴቭን ግን በእውነተኛ ስሙ አወጣው፣ እስከ 1991 ድረስም 12 መጽሐፍ ጻፈለት፣ ዴቭ በየመጽሐፉ ዕድሜው ይጨምራል፣ ያረጃል፣ እንደገናም ይወዳል።

ከየቱ ልጀምር ካልከኝ ከናቫ ጀምር። ናቫ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ2016 «ሌይ ዩር ስሊፒንግ ሄድ» በሚል እንደገና ጽፎታል፣ እዛኛው ላይ የሁለቱ ልጆች ፍቅር ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቷል፣ አንተ ይሰለቸኛል ብትልም እኔ እሱን አንብብ ነው የምልህ፣ ምክንያቱም ልጁ ሲሞት የሚሰማህ ሀዘን የሪዮስን ያህል ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሶስት እንዲህ አይነት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ሁሉም ላይ አንድ ሰው ሌላውን «አወጣብሃለሁ» እያለ ገንዘብ ይበላዋል፣ ሁሉም ላይ ቤተሰብ የሚደብቀው ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ ተኮራርጀው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ከህይወት ነው የወሰዱት የኔ እህት። «ፌድአውት» ሲወጣ በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ወንዶች ቤታቸው ውስጥ በራቸውን ዘግተው የሚያደርጉት ነገር በህግ የሚያስቀጣ ነበር፣ ህጉ የተነሳው ከ1976 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ የሰረዘችው ኢሊኖይ ናት፣ በ1962፣ በመላ ሀገሪቱ ያበቃው ደግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በ2003 ነው። ሰው ፍቅሩ ራሱ ወንጀል ሲሆንበት ያየው ሁሉ ጌታው ይሆናል፣ ጎረቤት ጌታው ነው፣ የሆቴል ዘበኛ ጌታው ነው፣ የተጣላው ወንድም ጌታው ነው። ሲዘረፍ ፖሊስ ጋ መሄድ አይችልም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው።

እንግሊዝ ላይ ያለውን ብታዪ ደግሞ ይብሳል። በ1885 የወጣው ህግ አንቀጹ በጣም ሰፊ ስለነበረ ሰዉ የአስፈራሪዎች ፈቃድ እያለ ይጠራው ነበር፣ ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 የታሰረውም በሱ ነው። መንግስት ያቋቋመው የዎልፈንደን ኮሚቴ በ1957 ይሄ ነገር ወንጀል መሆኑ ይቅር ብሎ ሪፖርት አቀረበ፣ ህጉ እንግሊዝና ዌልስ ላይ የተቀየረው ግን 10 ዓመት ቆይቶ በ1967 ነው። በመሀል በ1961 «ቪክቲም» የሚል ፊልም ወጣ፣ ዲርክ ቦጋርድ ባለትዳርና ስመ ጥር ጠበቃ ሆኖ የሰራበት። አንድ ወጣት በአስፈራሪዎች ተይዞ የጠበቃውን ስም ላለማውጣት ሲል ራሱን ያጠፋል፣ ጠበቃው ሲደርስበት ሁለት ምርጫ አለው፣ ወይ ዝም ብሎ ስራውንና ክብሩን ማትረፍ ወይ ፍርድ ቤት ቆሞ ሁሉን ማጣት። ምን እንደመረጠ ራስሽ እዪው፣ ሚስትየው በነገሩ ላይ የምታሳየው ነገር ብቻውን ያስለቅሳል።

ቤተሰቡስ ለምን ላልሽው፣ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ውስጥ ስም ማለት ንብረት ነው። አባት ልጁ እንዲህ ነው ከሚባል በውሸት ሞተ ቢባል ይመርጣል፣ አንድ ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ ሀኪም ወረቀት መጻፍ አለበት፣ ሰራተኛዋ ዝም ማለት አለባት፣ ፎቶ ከአልበም መውጣት አለበት። ሀንሰን መርማሪውን የኢንሹራንስ ሰው ማድረጉ ያስደነቀኝም ለዚህ ነው፣ የኢንሹራንስ ፎርም ላይ «እኔ ብሞት ገንዘቡ ለማን ይሰጥ?» የሚል ቦታ አለ፣ ሰው እድሜውን ሙሉ በአፉ ያልተናገረውን ስም እዛች መስመር ላይ ይጽፈዋል። ዴቭ ያንን ወረቀት ማንበብ የሚችለው እሱም እንደዛው የሆነ ሰው ስለሆነ ነው፣ ራሱንም ስለማይደብቅ የሚያስፈራራው የለም፣ ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ነጻ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በአማርኛ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ሚኒሶታ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፣ የአንደኛው አባት ሀገር ቤት ይሞታሉ፣ አጎትየው የመርካቶውን ሱቅና ቤቱን ጠቅልሎ ይይዛል። ልጁ የሆነ ነገር እንደተደበቀበት ያውቃል። እስከ ምዕራፍ አምስት በደንብ ሄዶልኝ ነበር፣ አሁን አደጋው ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ቆምኩ። መሳሪያና የመኪና ማሳደድ ባስገባ የፈረንጅ ፊልም ይመስልብኛል። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ በቃ ጻፈው። መሳሪያ አያስፈልግህም፣ የኛው የፍትሐ ብሔር ህግ ውስጥ ከመሳሪያ የሚያስፈራ ነገር አለልህ።

በ1952 ዓ.ም የወጣው ህግ ላይ አባት ልጁን ከውርስ መንቀል ይችላል፣ ግን ዝም ብሎ ነቅዬዋለሁ ማለት አይበቃም፣ በግልጽ መናገርና ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውን ደግሞ ፍርድ ቤት ያየዋል። ይሄ ማለት ምን ማለት ነው? አባትየው ልጁን በፍቅሩ ምክንያት ነቅለውት ከሆነ ያ ምክንያት በአማርኛ ተጽፎ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ደግሞ ስማ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም። አራት ሰዎች! ስለዚህ ልጁ ማንም አያውቅም ብሎ ሚኒሶታ ላይ በሰላም ሲኖር አራት ሰዎች ለዓመታት ያውቁ ነበር። ማን ናቸው? አንዱ ነፍስ አባት ይሁኑ፣ አንዱ የዕድሩ ሰብሳቢ፣ አንዷ በየበዓሉ እየደወለች «ልጄ መቼ ነው የምታገባው?» የምትለው ጎረቤት ትሁን፣ አራተኛው ደግሞ ኑዛዜው በተነበበ በማግስቱ የሞተ ይሁን። ይኸው ምዕራፍ ስድስት።

አደጋውም እዚሁ ነው ያለው። አጎትየው መሳሪያ ምን ያደርግለታል፣ «ክሰሰኛ፣ ኑዛዜው ችሎት ላይ ይነበባል» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ህግ አንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መሀል የሚደረገውን ግንኙነት ወንጀል አድርጎታል፣ ልጁ የአባቱን ቤት ለማስመለስ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፣ ከሄደ ደግሞ የሚነበበው የሱ ገመና ነው፣ ካልሄደ አባቱ በእውነት ያንን ጽፈው እንደሆነ ወይም አጎትየው እንደፈጠረው ሳያውቅ ይኖራል። እኔ ብሆን ሱቁን ረስቼ ልጁን በዚህ ጥያቄ ነው የምገፋው፣ አባቴ ጠልቶኝ ነው የሞተው? ገንዘብ ለሚፈልግ ልጅ ማንም አያዝንም፣ የአባቱን እጅ ጽሁፍ ለማየት ነፍሱን የሚሸጥ ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞህ ይሄዳል።

ለፍቅሩ ደግሞ የለቅሶ ትዕይንት አትለፈው። መርዶው ሚኒሶታ ሲነገር ቤቱ በሀበሻ ይሞላል፣ ቡና ይፈላል፣ ሴቶቹ ፕላስቲክ ወንበር ያመጣሉ፣ የልጁ ፍቅረኛ የት ነው የሚቀመጠው? «ሩምሜቴ ነው» ተብሎ ሰው እያስተናገደ፣ ውሃ እያቀረበ፣ ጫማ እየደረደረ ሶስት ቀን ያሳልፋል፣ እቅፍ አድርጎ ማጽናናት አይችልም፣ ማታ ሰው ሲበተን ብቻ ነው። አንድ አሮጊት እናት ግን ሲወጡ «አንተም በርታ ልጄ» ብለው እጁን ጨበጥ ያድርጉት፣ ስለሚያውቁት ነገር ግን ምንም እንዳታናግራቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ያለውን ቃል አታስወራቸው፣ እንደነሱ ያሉት ሀበሾች ራሳቸውን የሚጠሩበትን «ዜጋ» የሚለውን የራሳቸውን ቃል አንተም ሳትሰማው አትቀርም፣ አማርኛችን ይሄን ቃል በራሱ ልጆች አፍ ነው ያገኘው።

ከእውነተኛ ሰው የወሰድከው ነገር ካለ ሰፈሩንም፣ ስራውንም፣ የቤተሰቡንም ብዛት ቀይር። ያንተ መጽሐፍ ሀገር ቤት ይነበባል፣ እዛ ያለ ሰው ደግሞ አንተ ያለህ መጠለያ የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ይህንን መጽሔት ለዓመታት የማነበው ለቁም ነገሩ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንሳት ለምን አስፈለገ? የኛ ሥነ ጽሑፍ አልቆ ነው? (ከዳላስ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በቁጣም ቢሆን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የኛ ሥነ ጽሑፍ አላለቀም፣ እኔም ይሄን መንገድ ያገኘሁት በሱ በኩል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ከወጣ ጀምሮ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ይበልጥ፣ ሀገሩ በሙሉ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ያለቀስነው እኮ አባትየው ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ክብራቸውን ከልጃቸው ልብ ስላስበለጡ ነው፣ ልጅቱ የምትወደውን ሰው ስም ቤቷ ውስጥ መጥራት ስላልቻለች ነው። እኔ የሪዮስን ሀዘን ሳነብ ያለቀስኩት በዚያው እንባ ነው። እርስዎ ይውደዱት አልልዎትም፣ ያልወደዱትን መጽሐፍ መዝጋት መብትዎ ነው፣ እኔ ግን ይሄን ጥያቄ የጻፉልኝን ልጆች ደብዳቤ መልስ ሳልሰጥ መዝጋት አልቻልኩም። የመጨረሻውን ያንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ስሜ እንዳይወጣ አደራ። ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው፣ ክፍሉን ሳጸዳ ፍራሹ ስር አንቺ ያልሽው አይነት መጽሐፍ አገኘሁ፣ ሽፋኑ ላይ ሁለት ወንዶች አሉ፣ መሀሉ ላይ የአውቶቡስ ቲኬት እንደምልክት አስገብቶበታል። እናታችን እንግሊዝኛ ባታነብም ሽፋኑን ካየች ይገባታል። ልጠይቀው? ለእናቴ ቀድሜ ልንገራት? በገና ሀገር ቤት ልንሄድ ነው። እወደዋለሁ፣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

መልስ፦ የኔ እናት፣ ያለቀስኩበት ደብዳቤ ያንቺ ነው።

መጽሐፉን ካገኘሽበት ቦታ መልሺው። ክፍሉን ማጽዳት ለጊዜው ተዪለት፣ እናትሽም እንዳትገባ «እሱ ራሱ ያጽዳ፣ ትልቅ ሰው ሆኗል» በያት። ለእናትሽ አትንገሪ፣ ለአክስት አትንገሪ፣ ለልብ ጓደኛሽም ጭምር፣ ምክንያቱም መናገር የሱ ነው፣ ደግሞ መጽሐፍ ማንበብ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፣ እኔም እኮ አንብቤዋለሁ። አትጠይቂውም፣ ፍራሽ ስር ያስቀመጠውን ነገር ሰው ሲጠይቀው የሚሰማው ፍርሀት ብቻ ነው።

ስለጉዞው ግን በደንብ አስቢበት። ህጉን ከላይ ጽፌዋለሁ። ስልኩ ላይ ያለውን ነገር የአጎት ልጆች ተቀባብለው ሊያዩት ይችላሉ፣ ስለዚህ ለሁላችሁም እንደሚሆን አድርገሽ «ሀገር ቤት ስንሄድ ስልካችንን እንቆልፍ፣ ሌባ በዝቷል ይላሉ» ብለሽ በጠቅላላው ተናገሪ፣ መጽሐፉም ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። መቅረት እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ «ፈተና አለበት» ብለሽ የምትቆሚለት አንቺ ሁኚ፣ ለምን ብለሽ ሳትጠይቂ።

ከዛ አንቺም ያንኑ መጽሐፍ ከላይብረሪ ተዋሺና ሳሎን ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ እሱ በሚያይሽ ቦታ። ጨርቅ አታልብሺው፣ ሽፋኑን አትደብቂ፣ እናትሽ ስራ ስትሄድ ይሁን ብቻ። አንድ ቀን አጠገብሽ መጥቶ ይቀመጥ ይሆናል፣ አንድ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ ሲመጣ ስለመጽሐፉ አውሩ፣ ማን ገደለው ብሎ እንደሚጠረጥር ጠይቂው። ቲኬቱ መሀል ላይ ከነበረ ገና ግማሽ ላይ ነው፣ ከሱ ቀድመሽ ከጨረስሽው መጨረሻውን እንዳትነግሪው።